ስለ እጅ ሥራ ክብር

የሰው ልብ የሚያከብረውና የሚንቀው ነገር ሲመረመር፥ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሆነው ይገኛሉ። ሰው እንጀራውን ባርኮ ይቈርሳል፤ ምጣዱን የሠራችውን ሴት ግን በማዕዱ ዙሪያ አያስቀምጣትም። በማረሻ አርሶ ጎተራውን ይሞላል፤ ማረሻውን የቀጠቀጠውን ሰው ግን ልጁን ቢጠይቀው እንደ ተሰደበ ይቈጥረዋል። ይህ የልብ መከፈል እግዚአብሔርን በማያውቅ ሕዝብ ዘንድ ቢገኝ ባላስደነቀ ነበር፤ ዳሩ ግን በክርስቲያን አገር፥ ይልቁንም አለት ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ ባደረገ አገር መገኘቱ ጥያቄ ያስነሣል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ የእጅ ሥራው የተቀደሰ ከሆነ፥ የሠራው እጅ ስለ ምን ተናቀ?

ለዚህ ጥያቄ ከላስታ ምድር የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። ከላሊበላ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ገነተ ማርያም፥ ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። በዙሪያዋ ከዚያው አለት የወጡ ዓምዶች እንደ ዘብ ጠባቂ ቆመዋል፤ በውስጧም የጥንት ሥዕሎች ይታያሉ። የተሠራችው በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1270 እስከ 1285 በነገሠው በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል፤ የንጉሡም መልክ በግድግዳዋ ላይ ተሥሏል። በዚህም ውስጥ አስተዋይ ሰው የሚያገኘው አንድ ምሥጢር አለ። ይኩኖ አምላክ የዛጉዬን መንግሥት ሽሮ የነገሠ ነው፤ ነገር ግን የዛጉዬ ነገሥታት ያሠሩበትን አለት የመፈልፈል ጥበብ አልሻረውም። ዘውዱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ተዛወረ፤ መሮው ግን በሠራተኛው እጅ ቀረ። ነገሥታት በዙፋን ላይ ሲጣሉ፥ ጠራቢው የአባቱን ሙያ ይዞ ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም አምላክ ቤት ይሠራ ነበር።

አለት የመፈልፈል ሥራ ምን ያህል ልቡና እንደሚሻ ያልተረዳ ሰው፥ ጠራቢውን ጉልበቱን ብቻ እንደ ሸጠ ሰው ሊገምተው ይችላል። ሥራው ግን ከግንብ ሥራ ሁሉ ይለያል። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ድንጋይ ባይስማማው አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ግድግዳው ቢያዘነብል አፍርሶ ያቀናዋል። አለት ጠራቢ ግን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ በቤቱ ዙሪያ የሚሆነውን ጥልቅ ጉድብ ቈፍሮ አለቱን ከተራራው ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ ጣራውን ይሠራል፤ ከጣራው ወደ ኰርኒሱ፥ ከኰርኒሱ ወደ መስኮቱ፥ ከመስኮቱ ወደ ደጁ እያለ ይወርዳል፤ ወለሉን የሚያገኘው በመጨረሻ ነው። ውስጡንም ሲፈለፍል ለዓምድ የሚሆነውን ትቶ፥ ለአየር የሚሆነውን ያወጣል። አንድ ጊዜ የተቈረጠ ድንጋይ ተመልሶ አይቀጠልም፤ አንዲት የተሳሳተች ምት የብዙ ዘመን ድካም ታበላሻለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ምት ከመመታቱ በፊት፥ ሕንጻው በሙሉ በጠራቢው ልቡና ውስጥ ተፈጽሞ መታየት ይገባዋል። የዝናቡ ውኃ ከጣራው በየት እንደሚወርድ፥ ከጉድቡም በየት እንደሚወጣ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ካልሆነ ግን ቤተ መቅደሱ በመጀመሪያው ክረምት ኵሬ ይሆናል። በላሊበላ የቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመት 33 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው፤ የቤተ ጊዮርጊስም ቁመት 12 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ሁሉ ከአንድ አለት አስተካክሎ ማውጣት የጉልበት ሥራ ብቻ ነው የሚል ሰው፥ መዝሙረ ዳዊትን የድምፅ ጩኸት ብቻ ነው እንደሚል ሰው ይቈጠራል።

ደግሞም ከጠራቢው በፊት አንድ ሌላ ሰው አለ። መሮው፥ መዶሻውና ድጅኖው ከሰማይ አልወረዱም። ብረት ሠሪው በወናፉ እሳት አናፍቶ፥ በመስፉ ላይ ቀጥቅጦ ነው ያወጣቸው። አለቱም የመሮን ስለት ቶሎ ስለሚያደነዝዘው፥ ጠራቢው በየጊዜው ወደ ብረት ሠሪው መመለስ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ በላስታ ምድር ከቆሙት ከእነዚህ ቤቶች አንድም እንኳ ያለ ቀጥቃጭ አልተሠራም። «ቀጥቃጭ» የሚለው ስም ስድብ ከሆነ፥ ስድቡ በቤተ መቅደሱ በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «የላሊበላን ሕንጻ የሠሩት መላእክት ናቸው፤ ታዲያ የሰውን እጅ ከፍ ከፍ ማድረግ የመላእክትን ክብር መቀነስ አይሆንምን?» ሊል ይችላል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ከእምነት የመጣ ነውና። ነገር ግን ትውፊቱ ራሱ ይመልስለታል። አባቶች የተናገሩት ሰዎች ቀን አንድ ክንድ ሲቈፍሩ፥ ሌሊት መላእክት ሦስት ክንድ ይጨምሩላቸው ነበር ብለው ነው። ሰዎች ተኝተው ሳሉ መላእክት ሁሉን ፈጸሙት አላሉም። የመላእክት ሦስት ክንድ የሰውን አንድ ክንድ ተከትሎ ይመጣል፤ ያ አንድ ክንድ ባይቈፈር ኖሮ የሚጨመርበት ነገር አይኖርም ነበር። በቃና ዘገሊላም አገልጋዮቹ ጋኖቹን ውኃ ሞሉ፤ ጌታም ውኃውን ወይን አደረገው። ጋኑን የሞላው እጅ ተአምሩን አልቀነሰውም፤ ጋኑንም የሠራ ድንጋይ ጠራቢ ነበር።

ዳሩ ግን ይህ ትውፊት ባልተገባ መንገድ በተያዘ ጊዜ የንቀት መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ሥራውን ለመላእክት ብቻ የሰጠ ሰው፥ የሠራተኛውን ልጅ ለማመስገን ግዴታ የለበትምና። ከዚህም የሚብስ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ተመልክቶ ጽፏል። የአገሩ ሰዎች ሥራው በ24 ዓመት እንደ ተፈጸመ፥ የሠሩትም ከውጭ የመጡ ነጮች እንደ ሆኑ እንደ ነገሩት ያመለክታል። እነሆ፥ የእጅን ሥራ የናቀ ሕዝብ በመጨረሻ የገዛ አባቶቹን ሥራ ለባዕድ እስከ መስጠት ይደርሳል። «ሙያ የተናቀ ሰው ዕጣ ነው» ብሎ ያደገ ልጅ፥ ይህን የመሰለ ድንቅ ሥራ አባቱ ሠራው ብሎ ለማመን አቅም አያገኝም። ባዕዳን ግን ከጊዜ በኋላ ሌላ ፍርድ ፈረዱ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች አንዱ ላሊበላ ነበረ፤ የሰው ልጅ የፈጠራ ጥበብ ምስክር ነው ተብሎም ተመዘገበ።

እንግዲህ ንቀቱ ከየት መጣ? ከወንጌል እንዳልመጣ የታወቀ ነው። ከሥራውም አልመጣም፤ ብረት የሌለበት እርሻ፥ ሸክላ የሌለበት ማጀት፥ ሸማ የሌለበት በዓል የለምና። ምክንያቱ በአብዛኛው ከመሬት የመጣ ይመስላል። በቀድሞው ሥርዓት ሰው የሚከበረው በርስቱ ነበር። በሃይማኖቱ ወይም በትውልዱ ከርስት የተከለከለ ሰው ግን በእጁ ብልሃት ከመኖር በቀር መንገድ አልነበረውም። ቤተ እስራኤል ርስት በተነፈጉ ጊዜ ብረትን፥ ሸክላንና ግንብን ለኑሮአቸው እንደ ያዙ ታሪክ ይናገራል፤ የጎንደር ነገሥታትም ግንባቸውን ሲያሠሩ የእነርሱን እጅ ፈለጉ። ብዙ እስላሞችም እንዲሁ በሽመናና በንግድ ኖሩ። አስቀድሞ ድኻው ርስት ስለሌለው ሙያ ያዘ፤ ኋላ ደግሞ ሙያ ስለያዘ ርስት አይገባውም ተባለ። መጀመሪያ ግፍ የነበረው ቈይቶ ባሕርይ ተደረገ። ከዚያም ሰው የበደለውን ሰው ስለሚፈራ፥ ፍርሃቱ ወሬ ወለደ፤ «ቡዳ ነው፥ ዓይኑ ይበላል፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተባለ። ይህ የልቡና ሕግ ነው፤ በዳይ የተበዳዩን ዓይን መመልከት ሲያቅተው፥ ዓይኑ መርዝ አለው ይላል።

በዚህ ነገር ካህናትና ሊቃውንት ከዕዳ ነጻ ናቸው ማለት አይቻልም። በብዙ የክታብ ጥቅልል ላይ «ነሃቢ»፥ ማለት ብረት ሠሪው፥ ከአጋንንት ስም ጋር ተዘርዝሮ ይገኛል። ወንጌል የሚነበብበት ፊደል፥ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው ከርኩስ መንፈስ ጋር ለመቍጠር ዋለ። ክታቡን የጻፈው ደብተራ የብርዕ መቍረጫ ቢላዋውን ከማን ገዛ? ብራናውንስ ማን ፋቀለት? በእውነቱ በዚህ ነገር ላይ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ቍርበት የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» ብለው ይሰድቡታል፤ ብራና ያዘጋጀውንም ሰው «ብራና ፋቂ» ይሉታል፤ ይህ ግን ስድብ አይደለም። ሁለቱም ቍርበት ዘርግተው፥ ጠጕር አንሥተው፥ ሥጋ ፍቀው ይሠራሉ። አንዱን ያከበረው መጽሐፉ ነው፤ ሌላውን ያዋረደው ግን ሥራው ሳይሆን የሰዎች አፍ ነው።

የቅኔ ሰው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከላስታ አጠገብ ያለው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የቅኔ መገኛ ተብሎ በመላው ኢትዮጵያ የሚጠራ አገር ነው። በዚያ የሚቀኝ ሁሉ ሰምና ወርቅ እያለ ይማራል። ሰምና ወርቅ የማን ቃል ነው? የአንጥረኛው ነው። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃም ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙ ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ገብቶ መልኩን ይይዛል። ሊቃውንት የነገርን ምሥጢር የሚያስረዱበት ምሳሌ ቢያጡ፥ ከፍ ያለውን ጥበባቸውን በዚህ ሰው ሙያ ሰየሙት። ስሙን ከአንጥረኛው ተበድረው ክብሩን ግን አልመለሱለትም። ተማሪው በቅኔ ቤት ቀኑን ሙሉ ወርቁን ከሰሙ ሲለይ ይውልና፥ ማታ በመንገድ አንጥረኛውን ሲያገኘው ሰሙን ብቻ ያያል፤ ጥቍር ልብሱንና ጥላሸት የለበሰ እጁን ብቻ ያያል። በሰው ላይ ወርቅ ማግኘት ያቃተው በቃል ላይ ወርቅ ቢያገኝ ምን ይጠቅመዋል?

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ነገር ዝም አላሉም። ደብተራ ኦሪት በተሠራች ጊዜ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራው፥ በእግዚአብሔር መንፈስም እንደ ሞላው፥ በወርቅና በብር፥ በናስና በዕንጨት፥ በድንጋይም ቅርጽ እንዲሠራ ጥበብ እንደ ሰጠው በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል፤ ረዳቱም ኤልያብ ነበረ። መንፈስ ቅዱስ ያደረበት እጅ ለመሠዋት ብቻ ሳይሆን ለመቅረጽም ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ በጉባኤ ያስተማረበት አንደበትና መርፌ የያዘበት እጅ የአንድ ሰው ናቸው። መነኮሳትም ከአባ ጳኩሚስ ሥርዓት ጀምሮ በእጃቸው እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ይህም ሥርዓት ወደ ግእዝ ከተተረጐመ ብዙ ዘመን ነው። አባ እንጦንስም በበረሓ ሐሳብ በበዛበት ጊዜ፥ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶም ሲጐነጕን አየ፤ ያም የእግዚአብሔር መልአክ እንደ ነበረ በመነኮሳት ዜና ይተረካል። እነሆ መልአክ ሲሠራ ታየ! እንግዲህ መላእክት በላሊበላ መሮ ይዘው ሠሩ የሚለው ትውፊት የሰውን እጅ የሚያዋርድ ሳይሆን እጅግ የሚያከብር ነው። መላእክት ወደ ጠራቢዎች ማኅበር ገብተው ከእነርሱ ጋር ለመሥራት ያላፈሩ ከሆነ፥ የጠራቢውን ልጅ ወደ ማኅበሩ ለማስገባት የሚያፍር ክርስቲያን ከማን ይበልጥ ዘንድ ነው?

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው የሚከበረው ስለሚጠቅም ብቻ ነው ከተባለ፥ ይህ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። እጁ የዛለ ሽማግሌ፥ ሕመምተኛና ዕውር ምን ክብር ይቀራቸዋል? ብረት ሠሪው ማረሻ ስለሚሰጥ ብቻ ቢከበር፥ ማረሻ ከውጭ አገር በመኪና በመጣ ቀን ክብሩ ያልቃል። ስለዚህ ሁለት ዕዳ መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ዕዳ ለሰው ሁሉ የሚከፈል ነው፤ እርሱም በእግዚአብሔር አምሳል ስለ ተፈጠረ፥ ሠራም አልሠራም የሚገባው ክብር ነው። ሁለተኛው የምስጋና ዕዳ ነው፤ እርሱም በድካሙ ላገለገለ ሰው በተለይ ይከፈላል። ቀጥቃጩን የሚሰድብ ሰው ሁለቱንም አጥፍቷል፤ አምሳሉን በመስደብ ፈጣሪን በድሏል፤ የበላበትን እጅ በመንከስም ውለታ ቢስ ሆኗል።

የምድር ነገሥታትም ይህን ነገር አይተው ሕግ አወጡ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታወሱ፤ ሰዳቢው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር፥ ደግሞም ቢገኝ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ፥ የንቀቱ ሥር የነበረው የርስት ልዩነት በሕግ ተነቀለ። ሥሩ ቢነቀል ግን እሾሁ በሥጋ ውስጥ ቀረ። «ዛሬ ማን ማንን በሙያው ይሰድባል? ይህ ያለፈ ነገር ነው» የሚል ሰው ቢኖር፥ የጋብቻ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ከመጋረጃ በስተ ኋላ የሚደረገውን የዘር ምርመራ ያድምጥ። ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጆሮ ተመለሰ እንጂ አልሞተም። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚከፍት ግን ስብከትና ምሳሌነት ነው፤ ይህም የንጉሥ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው።

በዘመናችን በላስታ አካባቢ አንድ አባት ከጥቂት ረዳቶች ጋር በመሮና በመዶሻ ከአለት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ፈልፍለዋል። ይህም የቀድሞው ሥራ በሰው እጅ ሊሠራ እንደሚቻል በዓይን ያስረዳል። ጥንታውያኑም አብያተ ክርስቲያናት በዝናብና በፀሐይ ተሰንጥቀው ጥገና በሚሹበት በዚህ ጊዜ፥ ለአለቱ የሚያስፈልገው ድንጋይን የሚያውቅ ሰው ነው። ወጣቱ ሙያውን እንደ ውርደት ቈጥሮ ከሸሸ ግን ቅርሱን ማን ይጠብቀዋል? የእጅን ሥራ መናቅ በሰው ላይ የሚሠራ ኀጢአት ብቻ ሳይሆን፥ በቤተ መቅደሱም ላይ የሚመጣ ፍርስራሽ ነው።

ስለዚህ የሚደረገው ነገር የተሰወረ አይደለም። ሰባኪው የባስልኤልን ነገር ያስተምር፤ ሙያ በትውልድ የሚወርድ ርግማን ሳይሆን ከመንፈስ የተሰጠ ስጦታ መሆኑን ይናገር። የንስሐ አባት፥ ልጆቹ በሙያና በዘር ምክንያት ጋብቻ ሲከለክሉ ዝም አይበል፤ ሐሜትን እንደሚገሥጽ ይህንም ይገሥጽ። ፊደል የተማረ ሁሉ በቀጥቃጭ ላይ ክታብ መጻፍን ይጸየፍ። ማኅበርና ሰንበቴ የሚያበሉ፥ ጽዋው ማን በሠራው ሸክላ እንደሚዞር አስበው፥ ሸክላ ሠሪዋን ከማዕዱ ይጥሯት። ቤተ ክርስቲያን በምትታነጽበት ቀን የገንዘብ ሰጪው ስም እንደሚነበብ፥ የአናጺውና የግንበኛው ስምም ይነበብ።

በመጨረሻ አስተዋይ አንባቢ የናዝሬትን ሰዎች ያስብ። ጌታ በምኵራባቸው ባስተማረ ጊዜ በጥበቡ ተደነቁ፤ ነገር ግን ወዲያው፥ ይህ ጠራቢው አይደለምን ብለው ተሰናከሉበት። ለነቀፋ የመረጡት ቃል የሙያ ስም ነበረ። በዚያም ስለ አለማመናቸው ብዙ ተአምራት አልተደረገም። አንድ ከተማ መድኃኒቷን በበሯ ላይ አግኝታ ያጣችው፥ እጁ መዶሻ ይዞ ስላየች ነው። እንግዲህ በሙያው የተነቀፈ ሰው በደጅ በቆመ ጊዜ፥ የሚንቀው ክርስቲያን ማንን እየመለሰ እንደ ሆነ ይወቅ።